በመድኃኒት ፅንስ ከተቋረጠ በኋላ ችግር ሲገጥም፦ የመውለድ አቅምን የሚወስነው ምንድን ነው?

በመድኃኒት ፅንስ ያቋረጠች ሴት፣ በተለይም ደሙ አልቆም ብሏት ወይም ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገብታ ከነበረ፣ ከሕመሙ ካገገመች በኋላ አብሯት የሚቆየው ጥያቄ ወደፊት መውለድ እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። ብዙዎች ይህንን ለሐኪማቸው እንኳ ደፍረው አይጠይቁም። ጉዳዩ ከቤተሰብና ከጎረቤት ተደብቆ የሚያዝ በመሆኑ መልስ የሚፈለገው ከጓደኛ ነው፤ የሚገኘውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ «መድኃኒቱ ማህፀን ያደርቃል» የሚል ነው። ይህ አባባል ስህተት ነው። «ምንም አይሆንም» ብሎ ማለፍም ግን ትክክል አይደለም፤ መድኃኒቱ ራሱ ባያመክንም፣ ከእርሱ በኋላ የሚከሰቱ ጥቂት ችግሮች ሳይታከሙ ከቆዩ ወይም በማይገባ መንገድ ከታከሙ የመውለድ አቅምን ሊጎዱ ይችላሉና።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራበት ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በቅደም ተከተል መስጠት ነው። ቀድሞ የሚዋጠው ሚፌፕሪስቶን እርግዝናው እንዲጸና የሚያደርገውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ሥራ ያግዳል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚወሰደው ሚሶፕሮስቶል ደግሞ የማህፀን በርን እያለሰለሰ ማህፀኑ እንዲኮማተርና በውስጡ ያለውን እንዲያስወጣ ያደርጋል። ሚሶፕሮስቶል በሰዓታት፣ ሚፌፕሪስቶን በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወገዳሉ። ሁለቱም በኦቫሪ ውስጥ ያለውን የእንቁላል ክምችት አይቀንሱም፣ የማህፀን ቱቦን አይዘጉም፣ የማህፀንን ግድግዳም አያቆስሉም። እንዲያውም ብዙ ሴቶችን የሚያስገርማቸው የመፀነስ አቅም የሚመለስበት ፍጥነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል በ3 ሳምንት ውስጥ እንደገና ይለቀቃል፣ በአንዳንዶች ላይ ደግሞ በ8ኛው ቀን እንኳ ሊለቀቅ ይችላል። ስለዚህ የሚቀጥለው የወር አበባ ሳይመጣ ዳግም ማርገዝ የሚቻል ነገር ነው።

በዴንማርክ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን መዝገብ የተከተለና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በመድኃኒት ያቋረጡትን በመሣሪያ ካቋረጡት ጋር አነጻጽሮ፣ በቀጣዩ እርግዝና ከማህፀን ውጭ የመፀነስ፣ ፅንሱ በራሱ የመውረድ፣ ያለ ጊዜ የመውለድም ሆነ አነስተኛ ክብደት ያለው ልጅ የመውለድ አደጋ በመድኃኒቱ ምክንያት እንዳልጨመረ አሳይቷል። የአሜሪካ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና ብሔራዊ አካዳሚዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ፅንስ ማቋረጥ ለኋላ መካንነት እንደማይዳርግ ደምድመዋል። እነዚህን ውጤቶች ስናነብ ግን ጥናቶቹ የሚናገሩት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ፣ ጥራቱ በታወቀ መድኃኒት፣ ችግር ሲመጣ ወዲያው የሚገባበት ሆስፒታል ባለበት አገር ስለታከሙ ሴቶች መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ከአንድ መደብር በግማሽ መጠን የተሸጠላትን ኪኒን ያለ ማብራሪያ የወሰደች ሴት ታሪክ በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ የለም።

በኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገ አገር አቀፍ ግምት በዓመቱ ወደ 620 ሺህ የሚጠጉ ፅንስ ማቋረጦች ተካሂደዋል፤ ከእነዚህ በጤና ተቋም ውስጥ የተካሄዱት ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 መሠረት፣ እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ ወይም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አልያም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ፅንስን በሕክምና ማቋረጥን አያስቀጣም። ችግር ገጥሟት የመጣችን ሴት ማከም ግን ከዚህ ዝርዝር ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ ከውርጃ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና ውርጃው በራሱ የመጣም ሆነ የተደረገ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሰጥ አገልግሎት ነው፣ የሚሰጠውም ሕክምና አንድ ዓይነት ነው። ይህንን አለማወቅ ቀናትን ያስበላል፤ ወደፊት በመውለድ አቅም ላይ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍሉትም ብዙውን ጊዜ እነዚያ ቀናት ናቸው። ፅንስ ማቋረጥ በወንጀል በሚያስቀጣባቸው የአረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን ላይ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው፤ ብዙዎቹ ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ከቤት መውጣት እንኳ አይችሉምና።

ከችግሮቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚታየው ያልተሟላ ውርጃ ነው፤ ይኸውም ከፅንሱ ወይም ከእንግዴ ልጁ ቅሪት በማህፀን ውስጥ መቆየቱ ነው። መድኃኒቱ በትክክል ሲወሰድ ተጨማሪ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ከ100 ሴቶች ከ5 ያነሱ ናቸው፤ እርግዝናው ሳይቋረጥ የሚቀጥልባቸው ደግሞ 1 ያህል ናቸው። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የመውለድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ቅሪቱ በመኖሩ ሳይሆን በሚወገድበት መንገድ ነውና።

ከመድኃኒቱ በኋላ በነበሩት ሳምንታት አልትራሳውንድ የተነሣች ሴት የማህፀኗ ሽፋን ወፈር ብሎና በውስጡ የረጋ ደም ታይቶ «ቅሪት አለ» ልትባል ትችላለች። ይህ ምስል በብዙ ሴቶች ላይ የሚጠበቅና በሚቀጥለው የወር አበባ የሚጠራ ነው፤ ብርቱ ደም መፍሰስ፣ የማያቋርጥ ሕመም ወይም ትኩሳት ከሌለ ብቻውን ማህፀን ለመጥረግ ምክንያት አይሆንም። የሽንት የእርግዝና ምርመራም ለ4 ሳምንታትና ከዚያም በላይ «እርጉዝ ነሽ» እያለ ሊቀጥል ይችላል፤ የእርግዝና ሆርሞን ከደም የሚጠፋው ቀስ በቀስ ነውና። እርግዝናው በእርግጥ መቆሙን የሚያረጋግጠው ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን ባለሙያውን «ጥረጋ ለምን አስፈለገኝ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፣ እንደ እኔ እምነት ሴትየዋ በዚያ ክፍል ውስጥ ከምታነሣቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ቅሪት በእውነት ሲኖርና ሴትየዋ በደህና ሁኔታ ላይ ስትሆን መጠበቅ ወይም ሚሶፕሮስቶልን መድገም አማራጮች ናቸው። ማስወገድ ካስፈለገ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የቫኪዩም መምጠጫን ነው፤ በጤና ጣቢያዎቻችን ያሉ አዋላጆችና ነርሶች «ኤም ቪ ኤ» የሚሉት በእጅ የሚሠራ መሣሪያ ይህ ነው። ስለት ባለው ብረት ማህፀንን መፋቅ ጊዜው ያለፈበት አሠራር መሆኑን ድርጅቱ በግልጽ አስቀምጧል፤ ምክንያቱም የማህፀን ሽፋን ሁለት ንጣፍ አለው፣ የላይኛው በየወሩ በወር አበባ እየተራገፈ የሚታደስ ሲሆን የታችኛው ግን የላይኛውን እንደገና የሚያበቅል መሠረት ነው። ብረቱ እስከ ታችኛው ንጣፍ ዘልቆ ሲፍቅ የተላጡት የፊትና የኋላ ግድግዳዎች ሲድኑ፣ የተቃጠሉ ጣቶች ሳይለያዩ ከታሸጉ ተያይዘው እንደሚድኑ ሁሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ይህንን ሁኔታ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪኽ ፍሪትሽ እ.ኤ.አ. በ1894 መዝግቦት ነበር፤ ዛሬ የሚጠራው ግን እ.ኤ.አ. በ1948 በስፋት በገለጸው በጆሴፍ አሸርማን ስም ነው።

የአሸርማን ችግር ዋነኛ ምልክት ከጥረጋው በኋላ የወር አበባ እጅግ መቀነሱ ወይም ጨርሶ መቅረቱ ነው። በየወሩ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ደም የሌለው ቁርጠትም መውጫው ተዘግቶ ደሙ በውስጥ እንደቀረ ሊጠቁም ይችላል። ፅንስ በራሱ ከወረደ በኋላ ማህፀናቸው በካሜራ የታየ ሴቶችን ያካተቱ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ 19 በመቶ በሚሆኑት ላይ መጣበቅ ተገኝቷል፤ አብዛኛው ግን ቀላል ነበር፣ በተደጋጋሚ የተጠረጉት ላይ ደግሞ ይበረታል። ይህ ቁጥር የሚያስፈራ ቢመስልም መጣበቅ ማለት መካንነት ማለት አይደለም፤ ቀላል መጣበቅ ያላቸው ብዙ ሴቶች ሳያውቁት ፀንሰው ይወልዳሉ። ከባዱ ደግሞ ሕክምና አለው፤ ሂስትሮስኮፒ በተባለ በማህፀን በር በሚገባ ቀጭን ካሜራ እየታየ የተጣበቀው ይለያያል፣ ሽፋኑም እንዲያገግም ብዙ ጊዜ የኤስትሮጅን ሆርሞን ይታዘዛል። አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ስለሚጣበቅ ሕክምናው ሊደገም ይችላል። በመድኃኒት ብቻ የተጠናቀቀና ምንም መሣሪያ ያልነካው ፅንስ ማቋረጥ ግን እንዲህ ያለውን የመላጥ ጉዳት አያደርስም።

የመውለድ አቅም የሚጎዳበት ሁለተኛው መንገድ ኢንፌክሽን ነው። ከመድኃኒት በኋላ ከባድ ኢንፌክሽን የሚይዛቸው ከ100 ሴቶች ከ1 ያነሱ ናቸው፤ ሲከሰት ግን ከማህፀን ወደ ቱቦዎቹ ሊወጣ ይችላል። ቱቦዎቹ ውስጣቸው እንቁላልን ወደ ማህፀን በሚገፉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት የተሸፈነ ነው፤ መግል ያረፈበት ቱቦ ከዳነ በኋላ ክፍት ሆኖ እንኳ ይህንን የመግፋት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። በስዊድን ሉንድ ከተማ ለዓመታት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ክትትል ይህንን በቁጥር አሳይቷል፤ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን አንድ ጊዜ ከያዛቸው ሴቶች 8 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከያዛቸው 19.5 በመቶ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዛቸው 40 በመቶ በቱቦ ምክንያት መፀነስ አልቻሉም። ከዚያው መረጃ የተገኘ ሌላ ትንተና ደግሞ ምልክቱ ከጀመረ ከ3 ቀን በላይ ዘግይተው የታከሙት የመውለድ ችግር የመግጠሙ ዕድል ፈጥነው ከታከሙት ከእጥፍ በላይ መሆኑን አመልክቷል። በሌላ በኩል ሲነበብ አንድ ጊዜ ኢንፌክሽን ይዟት የታከመች ሴት ከ100 በ92 ዕድል በቱቦዋ ምክንያት መፀነስ አያቅታትም ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ተህዋሲያኑ ከየት መጡ የሚለው ነው። ክላሚዲያና ጨብጥ ከፅንስ ማቋረጡ በፊት ያለ ምልክት በማህፀን በር ላይ ተቀምጠው ቆይተው፣ በሩ ሲከፈት ወደ ላይ የሚወጡበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ ሴትየዋ ብቻ ታክማ የትዳር ጓደኛዋ ሳይታከም ከቀረ ተህዋሲያኑ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ከላይ የጠቀስነው የሁለተኛና የሦስተኛ ጊዜ ቁጥርም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሚሶፕሮስቶል በተወሰደበት ቀን ብርድ ብርድ ማለትና ቀለል ያለ ትኩሳት የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚቀጥል 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም ግን ለነገ የሚባል አይደለም። የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አቋርጦ መተው፣ እንደ ልማድ ሆኖብን፣ የዚህ ሁሉ ጉዳት አንዱ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ እርግዝናን አያቋርጥም። ኪኒኑን ወስዳ ደም ያልፈሰሳት ወይም ጥቂት ብቻ የታያት፣ በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም ያላት፣ ራሷን የሚያዞራት ወይም ትከሻዋን የሚያማት ሴት ቱቦዋ ሳይፈነዳ መታየት አለባት። ቱቦው ፈንድቶ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ እንኳ ሌላኛው ጤነኛ ከሆነ በር አልተዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የአውሮፓ ጥናት አንድ ቱቦ ከወጣላቸው ሴቶች 56 በመቶ ያህሉ በ3 ዓመት ውስጥ በተፈጥሮ መንገድ ፀንሰዋል፤ ቱቦው ተቀዶ ከተተወላቸው ጋር የነበረው ልዩነትም አነስተኛ ነበር።

ብርቱ ደም መፍሰስ፣ ማለትም በተከታታይ ለ2 ሰዓት በየሰዓቱ ሁለት ትልልቅ ሞዴሶችን የሚያርስ ደም፣ ሕይወትን እንጂ የመውለድ አቅምን በቀጥታ አይነካም፤ ደም ማነሱ በብረት ኪኒንና በምግብ ይመለሳል። ማህፀን ማውጣት የሚደርሰው ደሙን በሌላ መንገድ ማቆም ሲያቅት ብቻ ነው፣ እጅግም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ሾተላይ ያለባት፣ ማለትም የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ ሴት ደግሞ ስጋቷ ያለመፀነስ ሳይሆን በሚቀጥለው ልጅ ደም ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ከ12 ሳምንት በታች ለሆነ ፅንስ ማቋረጥ የሾተላይ መርፌ አያስፈልግም ብሏል፤ ከዚያ ለበለጠ እርግዝና ግን መርፌው መሰጠቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ከዓመታት በኋላ «አልፀነስ አልኩ» ብላ የምትመጣ ሴት ጥፋቱን በዚያ አንድ ቀን ላይ መጫኗ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ሦስት ወሩ መርፌ ነው። ብዙ ሴቶች ፅንስ ባቋረጡበት ቀን ወይም በክትትሉ ጊዜ ዴፖ ይወጋሉ። መርፌው የወር አበባን ያዛባል ወይም ያስቀራል፤ ካቆሙትም በኋላ ለመፀነስ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ ወደ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፣ በአንዳንዶች ከዚያም ይረዝማል። የወር አበባዋ የቀረው በመርፌው መሆኑን ያልተነገራት ሴት «ማህፀኔ ደረቀ» ብትል አይፈረድባትም። ከዚህ ሌላ በ25 ዓመቷ ፅንስ አቋርጣ በ37 ዓመቷ ልጅ የምትፈልግ ሴት ከዕድሜዋ ጋር እንጂ ከመድኃኒቱ ጋር እየታገለች አይደለም። የማህፀን ቲቢም ቱቦን የሚዘጋና የማህፀን ግድግዳን የሚያጣብቅ ድብቅ ምክንያት ነው። ባልየውንም መርሳት አይገባም፤ መፀነስ ከሚቸገሩ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ የዘር ፈሳሽ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ድርሻ አለው፣ የእርሱም ምርመራ ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ ነው።

ለመሆኑ ምን ያህል መጠበቅ ይገባል? በአጠቃላይ የሚሠራበት ወሰን ያለ መከላከያ የ12 ወር ሙከራ ነው፤ ሴትየዋ 35 ዓመት ካለፋት 6 ወር ነው። ኢንፌክሽን ይዟት ሆስፒታል ተኝታ የነበረች፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የተጠረገች፣ ወይም ከጥረጋ በኋላ የወር አበባዋ ያነሰባት ሴት ግን ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ የለባትም። ምርመራው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከባልየው ምርመራና ከአልትራሳውንድ ነው፤ ቀጥሎ ቀለም በማህፀን በር ገብቶ ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸው በኤክስሬይ ይታያል፣ ይህም የማህፀኑን ቅርጽና መጣበቅንም ይጠቁማል። ሁለቱም ቱቦዎች ተዘግተው ቢገኙ ከሰውነት ውጭ የሚደረግ ፅንሰት አማራጭ ነው፤ ይህ ሕክምና ቱቦን ጨርሶ የማይጠቀም በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት በተለይ ይስማማል። በመንግሥት ተቋም ደረጃ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማዕከል ተከፍቷል። ወጪው ለብዙዎች ከባድ መሆኑ አይካድም።

ወደ ሐኪም ስትሄድ ታሪኳን ሳትደብቅ መናገሯ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ የትኛው መድኃኒት፣ በስንት ሳምንት፣ ከዚያ በኋላ በመምጠጫ ነው ወይስ በብረት የተጠረገችው፣ ትኩሳት ነበረ ወይ፣ አንቲባዮቲኩን ጨርሳለች ወይ። ባሏ ወይም እናቷ አብረው ገብተው ከሆነ ለብቻዋ ለመነጋገር መጠየቅ መብቷ ነው፤ ሐኪሙም ምስጢሯን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

እንደገና ለመፀነስ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 6 ወር መቆየትን ሲመክር ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ግን ቀድሞ መፀነስ የተፈራውን ያህል ጉዳት እንደሌለው አመልክተዋል፣ ስለዚህ ደም ማነሷ የተስተካከለና ኢንፌክሽኗ የጠፋ ሴት ጊዜውን ከሐኪሟ ጋር መወሰን ትችላለች። በማህፀኗ መጣበቅ ተገኝቶ የታከመች ሴት ግን ስትፀንስ ለክትትል በምትሄድበት ቦታ ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ማስመዝገብ አለባት፤ የእንግዴ ልጅ ጠባሳ ባለበት ግድግዳ ላይ ጠልቆ ሊያያዝና በወሊድ ጊዜ አልወጣ ሊል ስለሚችል፣ አቀማመጡ በአልትራሳውንድ ቀድሞ ታይቶ ወሊዱ ደምና ቀዶ ሕክምና በተዘጋጀበት ሆስፒታል እንዲሆን ይደረጋል።